ቤቱ ይስፋ ወይስ ጫጩቶቹ ይምጡ? (የመልሶቹ ዝርዝር በየቁጥሩ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዘግይታችሁ ለገባችሁ ጥያቄዬን ልድገመው። ኮተቤ ነው ያለሁት፣ ግቢዬ ውስጥ ስድስት ዶሮዎች አሉኝ፣ አራቱ ቦቫንስ የሚባለው የእንቁላል ዝርያ፣ ሁለቱ የሀበሻ፣ አንዷ ቀይ አንዷ ገብስማ። ቤታቸው በአጣናና በቆርቆሮ የተሠራ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች ነገር ናት፣ ፊቷ ወንፊት ሽቦ። አሁን በጥቅምት አጋማሽ አስራ ሁለት የ45 ቀን ቦቫንስ ጫጩት ልጨምር ነው፣ ቤቱ መስፋት አለበት። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፤ ቤቱን ጨርሼ ነው ጫጩቶቹን የማመጣው ወይስ እነሱ እያደጉ ቀስ ብዬ ልሥራው፣ ሁለተኛ ደግሞ ከነባሮቹ ጋር ሳይጫረሱ እንዴት ላቀላቅላቸው። በተለይ ገብስማዋ ድመት የምታባርር ናት እና እሷን ፈርቻለሁ።

መልሱ ጎረፈ፣ መሀል ላይ ጭቅጭቅ ገባበት፣ ዶሮ ወጥም ገባበት። ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ትዕግስት ለሌለው የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ፣ ያልተዋጠልኝንም እየተናገርኩ ነው የምሄደው። አጣመመችው የሚል ካለ ወርዶ ዋናውን ያንብብ።

1ኛው ከሁሉም አጭር ነው። ዶሮ በጨለማ ስለማታይ ሲመሽ አዲሶቹን ቆጡ ላይ ደርድሮ መሄድ ነው፣ ሲነጋ ድሮም አብረው የነበሩ ይመስላቸዋል፣ አለቀ። ወንድሜ እያለ ነው የጻፈልኝ፣ ሴት ነኝ ግን ግድ የለም። ብዙ ላይክ ያገኘውም ይሄው ነው፣ ሰው መቼም ቀላል ነገር ይወዳል።

2ኛዋ ወዲያው አረመችው፣ በትህትና ነው ግን። የማታው ዘዴ በዕድሜም በኪሎም ለሚቀራረቡ ዶሮዎች እንደሚሠራ አልካደችም፣ የ45 ቀን ጫጩት ግን ግማሽ ኪሎ ገደማ ናት፣ ትልቋ ቦቫንስ ወደ ሁለት ኪሎ፣ ስለዚህ ሌሊቱ በሰላም ቢያልፍም ጠዋት መኖው ጋ ሲገናኙ ነው ጣጣው። ሐዋሳ ያለች ጎረቤቷ እንደዛ አድርጋ ስትከፍት ሁለቱ ራሳቸው ተልጦ ደም በደም ሆነው ጥግ ላይ ተደራርበው አገኘቻቸው። ደም ከታየ ደግሞ ያልነከሰችውም ትጨመራለች፣ ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆሯን አትሰበስብም። የቆሰለችውን ወዲያው ለይቶ እስክትድን ማቆየት ግዴታ ነው ብላ ጨረሰች።

3ኛዋ እናት ናቸው፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደጉ፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው የመለሱት። ልጄ እያሉ መጻፋቸው ደስ ብሎኛል። በሳቸው ወግ ከገበያ የተገዛች ዶሮ እግሯ በገመድ ታስሮ ጥቂት ቀን ትቆያለች፣ ቤቷን ስትለምድ ትፈታለች። ጫጩት ከውጭ ማምጣት ከተፈለገ ደግሞ ታቅፋ የከረመች ዶሮ ተፈልጋ ማታ በጨለማ ከክንፏ ሥር ማስገባት ነው፣ ሲነጋ የራሷ ይመስሏታል። ገብስማዋ ክፉ ናት ያልኩትን እንዲያውም ወደውታል፣ ክፉ ዶሮ ጭልፊት አታስጠጋም፣ እናትነት ያወጣላታል ነው የሚሉት። ጥሩ ነገር ነው ግን ይሄ የአንድ ሁለት ቀን ጫጩት ላይ ነው የሚያስኬደው፣ የ45 ቀኗ ክንፍ ሥር የምትገባ አይደለችም፣ ይሄን 6ኛውም በኋላ አንስቶታል። እሳቸው ግን እስካሁን ያሉት ትክክል እንደሆነ ነው በልጃቸው በኩል የሚያስጽፉት፣ ማን ይከራከራቸዋል።

4ኛው ረጅሙ ነው፣ ቢሾፍቱ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው። ስለ ድብድቡ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በቀጥታ ወደ ክትባት ነው የገባው፣ መጀመሪያ ላይ ያልጠየቅኩትን ነው የመለሰው ብዬ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከፈልፋይ ድርጅት ወጥተው በ45 ቀናቸው የሚሸጡት ጫጩቶች ለማሬክስ በተፈለፈሉበት ቀን፣ ከዛ ለፈንግልና ለጉምቦሮ (ሦስቱም የዶሮ በሽታዎች ናቸው) ተከትበው ነው መምጣት ያለባቸው፣ የተከተቡበትን የተጻፈ ነገር ሳያሳይ የሚሸጥ ነጋዴ ላይ አለመግዛት። የሰው ሁሉ ዓይን አዲሶቹ ላይ ነው፣ እሱ ግን የኔዎቹን ነባሮች ነው የጠረጠረው፣ በተለይ ከገበያ የተገዙትን ሁለቱን የሀበሻ። ጤነኛ መስላ የምትታይ ትልቅ ዶሮ በኩሷ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ተውሳክ፣ በላባዋ ቅንቅን ይዛ ልትኖር ትችላለች፣ እሷ ለምዳዋለች፣ ጫጩቷ ግን አልለመደችውም። በዚህ ዕድሜ ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየ ኮክሲዲዮሲስ ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት፣ አምፕሮሊየም በውሃ ይሰጣል፣ ከመድኃኒቱ በፊት ግን ጉዝጓዙ ደረቅ መሆኑን ማየት፣ እርጥብ ሰጋቱራ ነው በሽታውን የሚያበስለው።

ስለዚህ እሱ የሰጠው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነባሮቹን ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት ማስከተብ፣ ምክንያቱም ክትባቱ በተሰጠ ማግስት አይከላከልም፣ ጊዜ ይፈልጋል። ላሶታ በመጠጥ ውሃ ስለሆነ የሚሰጠው ጠዋት ውሃ ከልክሎ ማስጠማት፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ስለሚገድለው ንጹህ የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውሃ መጠቀም፣ ትንሽ ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት መጨመር፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ማድረግ፣ ብልቃጡንም ከሱቅ እስከ ቤት በበረዶ ይዞ መምጣት። በየሦስት ወሩ ይደገማል። አዲሶቹ ደግሞ ሲመጡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ወር፣ ለብቻቸው። መኖና ውሃ ሲሰጥ መጀመሪያ ጫጩቶቹ ጋ ከዛ ትልልቆቹ ጋ መሄድ እንጂ ተገላቢጦሽ አይሆንም፣ ጫማም ለየብቻ።

5ኛዋ ከሁላችን ብልህ ናት መሰለኝ፣ አንድ መስመር ነው የጻፈችው። የክትባቱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ከሆነ ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ቀሪውን ምን ያደርገዋል ነው ጥያቄዋ። ሐኪሙ እዛው ሥር እንዳብራራው አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ አይቀመጥም፣ ይደፋል፣ ስለዚህ ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ጠዋት መከተብ ነው ያለው አማራጭ። ይሄን ያዙት፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

6ኛው እጁ የፈታ ሰው ነው፣ የዶሮ ቤት እየሠራ የሚሸጥ። እኔ ሁለት ጥያቄ ብዬ የለያየሁትን አንድ አደረገው። ቤቱ ይቅደም፣ ግን ነባሩን አፍርሶ ትልቅ መሥራት ሳይሆን ከጎኑ ሌላ ክፍል ቀጥሎ መሀሉን በወንፊት ሽቦ ብቻ መክፈል። በሰጋቱራ ላይ ለሚውሉ እንቁላል ጣዮች በካሬ ሜትር አምስት ስድስት ዶሮ ነው ሂሳቡ፣ አስራ ስምንት ዶሮ ሦስት ካሬ ከምናምን ይፈልጋል፣ የኔዋ ሁለት ካሬ ናት፣ ስለዚህ ያንኑ ያህል ብቀጥል ትርፍ ቦታ አለኝ። ጫጩቶቹ አዲሱ ክፍል ይገባሉ፣ በሽቦው በኩል እየተያዩ እየተሰማሙ ይቆያሉ፣ መነካካት ግን የለም። ገብስማዋ የፈለገችውን ያህል ብትፎክር ሽቦውን ነው የምትነክሰው። ሲለማመዱ ሽቦው ይነሳና ቤቱ አንድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ መሀል ገብቶ በሽቦ ብቻ የተለየ ቤት ለድብድብ እንጂ ለበሽታ መለያ እንደማይሆን አስታወሰ፣ ትንፋሽም አቧራም ያልፋል። 6ኛውም አልተከራከረም፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሽቦው ላይ በሁለቱም በኩል ሸራ ወጥሮ መድፈን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐኪሙ በተለየ ቤት ቢሆን ይሻላል፣ ቦታ ለሌለው ግን ከምንም ይሻላል በሚል ተለያዩ። እኔ ዕቃ ቤት ስላለኝ መጀመሪያ እዛ ነው የማስቀምጣቸው።

የ6ኛውን ቀሪ ምክር በአጭሩ። ቆጥ ለአንድ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ሁሉም በእኩል ከፍታ ይሁን፣ አንዱ ከፍ ካለ ለሱ ነው የሚዋጉት። መጣያ ሳጥን ለአራት አምስት ዶሮ አንድ። የአየር መውጫው ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ጣሪያው ሥር፣ ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታቸው። የውጪው ሽቦ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ድንጋይ ይደረግበት፣ ሸለምጥማጥ ከሥር እንዳይገባ፣ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚበላው አንድ ቢሆንም የሚገድለው ሁሉንም ነው።

7ኛው፣ 6ኛው ሰውዬ የሽቦ ዋጋ የሰማ አይመስልም፣ ይሄ የሀብታም ዲዛይን ነው ብሎ ተቆጣ። ለሱ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል። 6ኛው ረጋ ብሎ ሽቦ የግድ የሚያስፈልገው መክፈያውና ፊቱ ላይ ብቻ መሆኑን፣ ሌላው በቀርከሃም በአሮጌ ቆርቆሮም እንደሚሆን፣ የተጣለ የአልጋ ሽቦ እንኳ ለመክፈያ እንደሚያገለግል ጻፈለት። ይሄ ነገር ቆንጆ ነው፣ የአልጋ ሽቦ አለኝ። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ግን ጫጩቷ ራሷን እንዳታሾልክ ታችኛውን ክፍል በወንፊት መደረብ ያስፈልጋል።

8ኛዋ ስለ መኖ ነው። አብረው ሲሆኑ ጫጩቶቹ የእንቁላል ጣይ መኖ መብላታቸው አይቀርም፣ እሱ ለነሱ አይሆንም ነው ያለችው፣ ምክንያቱን ግን አልጻፈችም። 9ኛው ይሄን ይዞ ተነሳባት። ለዓመታት ሁሉንም አንድ መኖ እያበላ እንዳሳደገና አንዷም እንዳልሞተችበት፣ እንዲህ ያለ ወሬ መኖ ሻጮች የፈጠሩት እንደሆነ፣ እናቶቻችን ስታርተር ግሮወር ሌየር (የጫጩት፣ የቄብ፣ የእንቁላል ጣይ መኖ) ሳይሉ እንዳሳደጉ፣ በጣም ሻከር ባለ ቃል። በ10ኛው ላይ 8ኛዋ ተመልሳ ጥሩ አድርጋ መለሰችለት። የእንቁላል ጣይ መኖ ውስጥ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ነው፣ ለቅርፊት ነው የሚሆነው፣ እንቁላል ያልጀመረች ጫጩት ግን ወደ 1 በመቶ ነው የምትፈልገው፣ ትርፉ ኩላሊቷን ነው የሚጎዳው፣ ኩላሊቷ የተጎዳች ደግሞ ወዲያው አትሞትም፣ እንቁላል መጣል ያለባት ጊዜ ትከሳለች ትሞታለች፣ ያኔ ሰው ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። የእናቶቻችን ዶሮ ጥሬና ትል ለቅማ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል የምትጥል ናት፣ ቦቫንስ በጥሩ አያያዝ 300 ታልፋለች፣ አንድ ላይ አይለኩም። መፍትሄውም ከባድ አይደለም፤ ሽቦው እስካለ መኖው ለየብቻ ነው፣ ሲቀላቀሉ ደግሞ ለሁሉም የቄብ መኖ ሰጥቶ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ፣ የምትጥለዋ ራሷ ሄዳ ትለቅመዋለች። በቤት የሚቀላቅሉ ሰዎች በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ብቻ አድርገው ካልሲየሙን እንደሚረሱትም ጨምራለች። 9ኛው ከዛ በኋላ አልታየም።

11ኛው ግን ታየ፣ ይሄ ነው ውይይቱን ያበላሸው። ሐኪሙን ክትባት ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ነህ አለው በቀጥታ። ገጠር ያለ ዶሮ ማን ከተበው፣ ይኸው አለ አይደል እንዴ ነው ክርክሩ። በ12ኛው ሐኪሙ ትህትናውን ጣለና ገጠር ሄደህ ፈንግል በገባበት ሰሞን ስንት ቤት ባዶ ቆጥ እንደሚታቀፍ ጠይቅ ዓይነት መልስ ሰጠው፣ አንገቷ የተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ የሚቀዝናት ዶሮ አይቶ የሚያውቅ እንዲህ አይጽፍም፣ ያልሞቱት ናቸው የሚታዩህ የሞቱትማ አይጮኹም ብሎ። ስድብም ነበረበት፣ እሱን ትቼዋለሁ። 13ኛው አድሚኑ ነው፣ ሁለቱንም አስጠነቀቀ፣ የሁለቱንም ጥቂት መስመር አጠፋ። በኔ በኩል ሐኪሙ ትክክል ነው፣ ስድቡ ግን አያስፈልገውም ነበር። ደግሞ የሚሸጠው ነገር ካለው የት እንደሚሸጥ በጻፈ ነበር፣ አልጻፈም።

14ኛዋ ከሲያትል ናት፣ አየሩን ቀየረችው። እዛ ከተማው እስከ ስምንት ዶሮ ይፈቅዳል፣ አዲስ አውራ ዶሮ ማስገባት ግን ክልክል ነው። በ2022 የጀመረው የወፍ ጉንፋን እንቁላሉን ካስወደደው ወዲህ ጎረቤቶቿ ሀበሾች ሁሉ ጓሯቸው ውስጥ ዶሮ ይዘዋል። እሷም ጫጩት ስትጨምር በሽቦ ከፍላ ነው ያለማመደችው፣ ሸለምጥማጥ ባይኖርም ራኩን የሚባል በር የሚከፍት አውሬ ስላለ መቀርቀሪያው ድርብ ነው። ከሷ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ፤ ሽቦው በሚነሳበት ቀን አንድ ሙሉ ጥቅል ጎመን በገመድ ከጣሪያ አንጠልጥላ ሁሉም እሱን ሲዘሉ ሲነክሱ ዋሉ፣ ሥራ የያዘች ዶሮ ለጠብ ጊዜ የላትም። 15ኛው እኛ ጎመን ለምሳ አጥተን ናንተ ለዶሮ መዝናኛ አላችሁ ብሎ አሳቀን። እሷም የውጪውን ቅጠል ገበያ ላይ የሚጣለውን መልቀም እንደሚቻል መለሰች፣ እውነቷን ነው፣ ጉልት ላይ ሲጥሉት አያለሁ።

16ኛው ስሌት አዋቂ ነው፣ ይሄን ማንም አላሰበውም ነበር። በጥቅምት አጋማሽ የምትገባ የ45 ቀን ጫጩት እንቁላል የምትጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንቷ ላይ ነው፣ ያ ማለት ጥር ውስጥ። ሙሉ ምርት ላይ ስትደርስ ዓቢይ ጾም ገብቷል፣ 55 ቀን እንቁላል የሚገዛ ጠፍቶ መኖው ግን አይጾምም። ለሽያጭ ከሆነ ከወር በፊት መግባት ነበረባቸው ወይም ቆይተው ለፋሲካ እንዲደርሱ ማድረግ። እኔ ለቤትና ለጎረቤት ነው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቼም ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ አላስደነገጠኝም፣ ለንግድ የምታስቡ ግን አስቡበት።

17ኛዋ አስራ ሁለቱ ሁሉ ሴት መሆናቸውን በምን አወቅሽ ብላ ጠየቀችኝ። ቦቫንስ ላባው ቀለም ላይ በመጀመሪያው ቀን ስለሚለይ የሚሸጠው ሴቷ ነው፣ ኮክኮክ የሚባለው ዝርያም እንዲሁ ገና ሲፈለፈል ይለያል፣ ሳሶ የሚባለው ዝርያ ከሆነ ግን ወንድና ሴት ተደባልቆ ነው የሚመጣው፣ መንገድ ላይ በካርቶን የሚዞር ነጋዴ ደግሞ ወንዱን ቦቫንስ ነው ብሎ ይሸጥልሻል። ምልክቱ ቀላል ነው፣ ሴቷ ቦቫንስ ቡናማ ናት፣ ነጭ ከሆነ ወንድ ነው።

18ኛው ላይ ነው ዶሮ ወጡ የመጣው። ወንድ ከሆኑም አይጣሉም፣ ለበዓል ይታረዳሉ ብሎ አንዱ ጀመረ፣ ከዛ የሳሶ ሥጋ ወጥ ውስጥ ይፈርሳል አይፈርስም፣ አስራ ሁለቱ ብልት ቅርጹን ይይዛል አይይዝም እያሉ ብዙ ሰው ሄደ፣ ከአንድ ቁጥር ሥር ይሄ ሁሉ ነው ያለው። የተስማሙበት ነገር ቢኖር የሀበሻ ዶሮ ጣዕሟ እንደሚበልጥና የሳሶን ወጥ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ዘግይቶ ሥጋውን መጨመር እንደሚያድነው ነው። ቢያንስ ማንም አልተሰዳደበም።

19ኛዋ ስለ ብርድ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የኮተቤ ሌሊት ቀልድ አይደለም። የ45 ቀን ጫጩት ላባዋ ስለወጣ አምፖል አያስፈልጋትም፣ ደረቅ ጉዝጓዝና ነፋስ የማይገባበት ጥግ ይበቃታል። የቀን ጫጩት የምታመጡ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፣ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት እየተቀነሰ ይሄዳል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማስገባት ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። ለዚህ ሃይ ቦክስ የሚባለውን በግድግዳው መሀል ድርቆሽ የተጠቀጠቀበትን ሳጥን ነው የመከረችው፣ የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያሳድራቸዋል፣ መብራት አይፈልግም።

20ኛው የመጨረሻው ነው ለጊዜው፣ ገብስማዋን አስቦ የመጣ ሰው። ሽቦው ከመነሳቱ በፊት እሷን ለብቻዋ ሦስት አራት ቀን ሌላ ቦታ ማቆየት፣ በሌለችበት አዲሶቹና የቀሩት ይቀላቀላሉ፣ ስትመለስ እንግዳዋ እሷ ትሆናለች፣ ወንበሯም ተይዟል። በዛ ላይ መኖ ማቅረቢያውን ከአንድ ሁለት ሦስት ቦታ ማድረግ፣ አንዷ ሁሉንም መጠበቅ እንዳትችል፣ ጥግ ጥግ ላይ ደግሞ ጫጩቷ ብቻ የምትገባበት ጠባብ መደበቂያ መተው። መቀላቀሉም ቁመታቸው ሲቀራረብ እንጂ ቀን ተቆጥሮ አይደለም ነው ያለው። 1ኛው ያለውን የማታ ዘዴም አልጣለውም፣ ያኔ ሲተካከሉ ይሠራል ብሎ ወደ ላይ ተመልሶ ጠቅሶለታል፣ ስለዚህ 1ኛውም ተደስቷል መሰለኝ ልብ ምልክት ሰጥቶታል።

እንግዲህ እኔ የያዝኩት ይሄን ነው። ጫጩቶቹ ገና አልታዘዙም። አጣናው ቆሟል፣ ቆርቆሮው የፊታችን ሳምንት ይመታል፣ መክፈያው የአልጋ ሽቦ ነው የሚሆነው። ከዛ በፊት ግን ነባሮቹ መከተብ አለባቸው፣ እዚህ ነው የ5ኛዋ ጥያቄ የሚመጣው። ከሰፈሬ ሁለት ቤት አግኝቻለሁ፣ ዶሮዎቻችን ተደምረው ብልቃጡን አይሞሉም። ኮተቤ፣ ካራ፣ የካ አባዶ አካባቢ ያላችሁና ዶሮዎቻችሁ ላሶታ ያልወሰዱ ወይም ሦስት ወር ያለፋቸው ካላችሁ እዚሁ ሥር ስንት ዶሮ እንዳላችሁ ብቻ ጻፉ። ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ለኔ ይመቸኛል፣ በረዶ መያዣ ሳጥን አለኝ፣ የወተት ዱቄቱንም እኔ አመጣለሁ። የምትመጡ ሰዎች ዶሮ ይዛችሁ አትምጡ፣ የድርሻችሁን ክትባት በበረዶ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት፣ ስለዚህ ቤታችሁ ዶሮዎቹን አስጠምታችሁ ጠብቁ።